እሳቱ የሚሄድበት መንገድ

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው፤ ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረበት ጠዋት። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ዲኤክስ ኮሮላቸውን በሰው አስገፍተው ወደ ጋራዣችን መጡ። «ልጄ፣ ይቺ መኪና ክረምት ጠላቷ ነው» አሉኝ። «በበጋ እንደ ሰዓት ነው የምትሠራው። ዝናብ ሲመጣ ጠዋት አልነሳም ትላለች፤ ከተነሳችም በኋላ ዳገት ላይ ትቆራርጣለች።» ከእኛ በፊት ያዩዋት ሰዎች ካርቡራቶሯን ሁለት ጊዜ አውርደው አጥበዋል። ካንዴላ ቀይረዋል፣ ፑንቲናዋን አስተካክለዋል፣ አዲስ የነዳጅ ፓምፕም አስገዝተዋቸዋል። ለእያንዳንዱ ተከፍሏል፤ መኪናዋ ግን ያው ናት።

«ጋሼ፣ ዛሬ እዚህ ትደር» አልኳቸው። ማታ አንድ ሰዓት ላይ የጋራዡን መብራት አጥፍተን ኮፈኑን ከፈትንና ሞተሩን አስነሳነው። ሥራ የሚማሩት ልጆች ዙሪያውን ቆሙ። ዓይናችን ጨለማውን እስኪለምድ ትንሽ ጠበቅን። ከዚያ ታየ። ሦስተኛው የካንዴላ ኬብል የቴስታታውን ጠርዝ ተደግፎ በሚያልፍበት ቦታ እንደ ፀጉር የቀጠነች ሰማያዊ ብልጭታ ከጎማው ወደ ብረቱ ትዘላለች። ጆሮ ጠጋ ሲደረግ «ጢጥ፣ ጢጥ» የሚል ድምፅ አለ። በልብስ መተኮሻ የውሃ መርጫ፣ እጃችንን አርቀን፣ ጉም የመሰለ ውሃ ስናርከፈክፍ ደግሞ ሁለተኛው ኬብል ገላው ላይ በሦስት ቦታ አበራ። ሞተሩ ወዲያው መንዘፍዘፍ ጀመረ። መምህሩ ክረምቱን ሙሉ የተቸገሩበት በሽታ በአምስት ደቂቃ ታየ።

ከዚያ ማታ ወዲህ ለሚማሩ ልጆች አንድ ነገር ሳልሰለች እነግራቸዋለሁ። የካንዴላ ኬብል በቀለሙ፣ በውፍረቱ ወይም በዋጋው አይመረጥም። የሚመረጠው ሞተሩ የሚፈልገው ተጠይቆ፣ ሻጩ የሚለው ደግሞ በእጅ ተለክቶ ነው።

ኬብሉ ምን እንደሚሸከም ማወቅ ይቀድማል። ባትሪው የሚሰጠው 12 ቮልት ብቻ ነው። ቦቢናው ያንን ወደ 20 ሺህ፣ አንዳንዴም ከ30 ሺህ ቮልት በላይ ያደርሰዋል። ዲስትሪቢተሩ ተራ እየጠበቀ ለአራቱ ካንዴላዎች ያከፋፍላል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ኬብል በሰከንድ 25 ጊዜ ይህን ጉልበት ያሳልፋል፤ በአንድ ሰዓት 90 ሺህ ጊዜ ማለት ነው። ካንዴላ የሚለውን ቃል የወሰድነው ከጣልያንኛ ነው፤ ትርጉሙ ሻማ ነው። ሻማው እንዲበራ እሳቱ መንገድ ላይ ሳይፈስ መድረስ አለበት።

ኤሌክትሪክ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። በሲሊንደር ውስጥ የተጨመቀ አየርና ነዳጅ እሳቱ እንዳይዘል ይከላከላል። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ ወደ ሲሊንደር የሚገባው ይበዛል፤ ጭመቃው ይበረታል፤ ካንዴላው ላይ ለመዝለል የሚያስፈልገው ቮልት ይጨምራል። በዚያች ሰዓት የኬብሉ ጎማ የተሰነጠቀ ከሆነ እሳቱ ካንዴላውን ትቶ በስንጥቁ ወደ ብረቱ ይወጣል። የደከመ ኬብል ያለው መኪና ሚኒሞ ላይ ቆሞ ደህና መስሎ እንጦጦ ዳገት ላይ የሚቆራርጠው ለዚህ ነው። ዝናብና እርጥበት ሲጨመርበት ስንጥቁ ድልድይ ያገኛል።

የእኛ አገር ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የሳሳ አየር ብልጭታን የመከልከል አቅሙ ይቀንሳል። ከፍ ብለው የሚበሩ የፒስተን አውሮፕላኖች ማግኔቷቸው ውስጥ የተጨመቀ አየር እንዲገባ የሚደረገው እሳቱ በሳሳው አየር ውስጥ ያለቦታው እንዳይዘል ነው። መኪና አውሮፕላን ባይሆንም ሕጉ አንድ ነው። ከኬብሉ ውጭ ያለው አየር ስለማያግዘን ጎማው ራሱ ጤነኛ መሆን አለበት።

በማግሥቱ ጠዋት የዲኤክሷን ኬብሎች አውጥቼ በቴስተር ለካኋቸው። የቶዮታ መመሪያ የአንድ ኬብል ሬዚስታንስ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የመከልከል አቅሙ፣ ከ25 ሺህ ኦም እንዳያልፍ ያዛል። አንደኛው 9 ሺህ፣ ሁለተኛው 11 ሺህ፣ አራተኛው 8 ሺህ አሳዩ። የሦስተኛው ቁጥር አልረጋ አለ፤ ጎንበስ ሳደርገው 40 ሺህ፣ ቀና ሳደርገው ጭራሽ የተቆረጠ ነው። በምላጭ ሰንጥቄ ለልጆቹ አሳየኋቸው። ከጎማው መሃል እንደ ጥቁር ፈትል ያለ ክር አለ። ከካንዴላው ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ራቅ ብሎ ክሩ ተበጥሷል። እሳቱ በተበጠሰው ቦታ እየዘለለ ጎማውን ከውስጥ አቃጥሎ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ሽንቁር ከፍቷል። አንድ ሰው፣ ካንዴላ ሊቀይር ሲል፣ ጫፉን ትቶ ገመዱን ይዞ ጎትቶታል።

ሁለተኛው ኬብል ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። 11 ሺህ ኦም ሲለካ ምንም አልጎደለውም፤ ማታ በውሃ ውስጥ ግን በሦስት ቦታ አብርቷል። ቴስተር የሚያየው የመሃሉን ክር ነው፤ የጎማውን ጤንነት አያይም። ጎማውን የሚያዩት ጨለማና ውሃ ናቸው። በሽታው ሁለት ስለሆነ ምርመራውም ሁለት ነው። አንዱን ብቻ አድርጎ «ኬብሉ ደህና ነው» የሚል መካኒክ ደንበኛውን ግማሽ መንገድ ላይ ይተወዋል።

ወደ ምርጫው ስንመጣ ገበያ ላይ የሚገኘው በውስጡ ሲታይ ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛው መሃሉ ድፍን የመዳብ ሽቦ ነው። እሳቱን ያለ ምንም መከልከል ያሳልፋል፤ ነገር ግን በየብልጭታው የሬዲዮ ሞገድ ይረጫል። ሬዲዮው ከሞተሩ ጋር እየተከተለ ያንጫጫል። የድሮ ቮልስ ከዚህ ዓይነት ኬብል ጋር ነው የተሠራው፤ ሞገዱን የሚያፍነው ሬዚስታንስ ያለው በካንዴላው ኮፍያ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለቮልስ ኬብል ሲገዛ ኮፍያውም አብሮ መለካት አለበት። የቮልስ ኮፍያ ሌላም ሥራ አለው፤ በዙሪያው ያለው የጎማ ቀለበት የማቀዝቀዣው አየር በካንዴላው ቀዳዳ እንዳያመልጥ ይደፍናል። ያ ቀለበት የሌለበት ኮፍያ የገጠመ ሰው መኪናው ቢነሳለትም በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ ቀዳዳ ከፍቷል።

ሁለተኛው በካርቦን የተነከረ የመስታወት ወይም የአራሚድ ክር ነው። የአብዛኞቹ የጃፓን መኪኖች ኬብል ከፋብሪካ ሲወጣ ይሄው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ደንበኞች ይሳሳታሉ። ጫፉን ልጠው ሲያዩ ሽቦ የለውም፤ «ተጭበረበርኩ፣ ክር ሸጡልኝ» ብለው ይመልሳሉ። አልተጭበረበሩም። ክሩ ሆን ተብሎ ሬዚስታንስ እንዲኖረው የተሠራ ነው፤ የሬዲዮውን ጩኸትም፣ ኮምፒውተር ያለውን መኪና የሚያደናግረውን ሞገድም ያፍናል። ድክመቱ መጎተትና ብዙ መተጣጠፍ አለመቻሉ ነው። ከዕድሜ ጋርም ሬዚስታንሱ ይጨምራል።

ሦስተኛው በመሃል ያለ ክር ላይ ቀጭን የብረት ሽቦ እንደ ሞላ የተጠቀለለበት ነው። ሬዚስታንሱ ከካርቦኑ ያነሰ ነው፤ ሞገዱን የሚያፍነው በጥቅልሉ ነው። በደንብ ከተሠራ ብዙ ዓመት ያገለግላል። በዋጋው ግን ይበልጣል፤ ስሙን ይዞ የሚሸጥ አስመሳይም አለው።

ታዲያ «ሬዚስታንስ ያነሰው ኬብል ጉልበት ይጨምራል» የሚለው የገበያ ወሬ እውነት ነው? እሳቱ ካንዴላው ላይ እስኪዘል ድረስ በኬብሉ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ከምንም አይቆጠርም፤ ከዘለለ በኋላም የአምፔር ሺኛ በሆነው ሚሊአምፔር የሚቆጠር ነው። 50 ሚሊአምፔር በ10 ሺህ ኦም ኬብል ሲያልፍ የሚጠፋው 500 ቮልት ነው። ይህን ቦቢናው ካለው 20 ሺህና 30 ሺህ ጋር ያነጻጽሩት። ጤነኛ የነበረ ሞተር በኬብል ብቻ ጉልበት አይጨምርም። በተበላሸ ኬብል ያጣውን ግን ያስመልሳል፤ ደንበኛው «በረረች» የሚለው ያጣውን ሲያገኝ ነው።

ሬዚስታንስ የሌለው ኬብል የሚያመጣውን ጣጣ የተማርኩት በሰው ኪሳራ ነው። በሥራው ገና ጀማሪ በነበርኩበት ጊዜ አንድ ወጣት፣ ነዳጁ በኮምፒውተር የሚረጭ ኮሮላ ይዞ መጣ። ወፍራም ቀይ ኬብል ገዝቶ ነበር፤ ያማረ፣ ጣት የሚሞላ። ውስጡ ድፍን መዳብ ነው። ካንዴላዎቹ ደግሞ ሬዚስታንስ የሌላቸው ነበሩ። ሳልጠይቅ ገጠምኩለት። በሦስተኛው ቀን መኪናው መንገድ ላይ እየጠፋ ተመለሰ። ሁለት ሳምንት ሴንሰር ስንፈትሽ፣ አንዱንም ስንገዛ ቆየን። ሥራ ያስተማሩኝ ሽማግሌ መካኒክ ጎንበስ ብለው አዩና «ያወጣኸውን ኬብል የት ጣልከው?» አሉኝ። ከቆሻሻው ውስጥ አውጥቼ፣ ለክቼ መለስኩት፤ መኪናው ያን ቀን ዳነ። ያን ወጣት ያስከፈልኩት ገንዘብ ዛሬም ይከብደኛል። ከዚያ በኋላ ደንበኛ ይዞት የመጣውን ዕቃ ሁሉ ከመግጠሜ በፊት ለመኪናው የሚሆን መሆኑን አረጋግጣለሁ።

የካንዴላው ቁጥር ላይ አር የሚል ፊደል ካለ ካንዴላው ራሱ ውስጡ ሬዚስታንስ አለው ማለት ነው። ኬብል ሲመረጥ ካንዴላው አብሮ መታየት ያለበት ለዚህ ነው። ክፍተቱ ያረጀና የሰፋ ካንዴላም አዲሱን ኬብል ይገድላል፤ ክፍተቱ በሰፋ ቁጥር ለመዝለል የሚያስፈልገው ቮልት ይጨምራልና፤ ያ ሁሉ ጫና የሚያርፈው ጎማው ላይ ነው። ኬብል ቀይሮ ያረጀ ካንዴላ መተው በሰፊ እግር ጠባብ ጫማ እንደ ማድረግ ነው፤ አንዱ ሌላውን ይበላል።

ኬብል ለመግዛት ሶማሌ ተራ ስሄድ ቴስተሬንና የመኪናውን አሮጌ ኬብሎች ይዤ ነው። አሮጌዎቹን ባንኮኒው ላይ እዘረጋቸዋለሁ። መጀመሪያ የማየው ርዝመት ነው። ያጠረ ኬብል ይወጠራል፤ ሞተሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ከአፉ ይወጣል። የረዘመ ደግሞ ይንጠለጠልና የጭስ ማውጫውን ትኩስ ብረት ይነካል። ቀጥሎ ሁለቱን አፎች አያለሁ። በዲስትሪቢተሩ በኩል ገቢ ነው ወይስ ተቀባይ? በካንዴላው በኩል ቀጥ ያለ ነው ወይስ የታጠፈ? ካንዴላው በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ባለባቸው ሞተሮች ረጅም አፍ ያስፈልጋል። እንዲህ ባሉት ላይ ከኬብሉ በፊት ጉድጓዱን እፈትሻለሁ፤ የላይኛው ክዳን ጓርኒሲዮን አፍስሶ ዘይት ካጠራቀመ የአዲሱን ኬብል አፍ ጎማ አላሽቆ ይጥለዋል። ዘይቱን ሳያቆሙ ኬብል መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

ከዚያ እለካለሁ። አንድ በአንድ፣ እያጎነበስኩና ጫፉን እያወዛወዝኩ። ቁጥሩ ከረጋ ጥሩ ነው፤ ከዘለለ ጫፉ ላይ ያለው ብረት ክሩን በደንብ አልጨበጠውም። ረጅሙ ኬብል ከአጭሩ የበለጠ ማሳየት አለበት፤ አጭሩ ከረጅሙ በልጦ ከተገኘ ስብስቡን እመልሰዋለሁ። ኬብሉን ጣቴ ላይ ጠቅልዬ ጎማውን በብርሃን አየዋለሁ። መደርደሪያ ላይ ፀሐይ እየመታው ዓመታት የቆየ ጎማ ሲታጠፍ ቀጫጭን ስንጥቆች ያሳያል። ካርቶኑ አዲስ መሆኑ የጎማውን ዕድሜ አይናገርም።

ጎማውም ዓይነት አለው። ሲሊኮን ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ያለ ሙቀት ይችላል፤ በአንጻሩ በስለት ቶሎ ይቆረጣል። ተራው ጎማ ሙቀት የመቻል አቅሙ ዝቅ ይላል፤ ከጭስ ማውጫው ራቅ ብሎ ካለፈ ግን በታማኝነት ያገለግላል። ሲሊኮን ነው የተባለው ፕላስቲክ መሆኑን የጠረጠርኩ እንደሆነ ከጥራጊው ትንሽ ቆርጬ በክብሪት አቃጥለዋለሁ። እውነተኛ ሲሊኮን ነጭ አመድ ይተዋል፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ጉሮሮ የሚያንቅ ሽታ አለው። ይህን የማደርገው ከሱቁ ውጭ፣ ጭሱን ሳልስብ ነው።

ውፍረትን በተመለከተ 7 ሚሊሜትር ለአብዛኛው አሮጌ መኪና ይበቃል። 8 ሚሊሜትሩ በመኪናው የኬብል መያዣ ውስጥ ከገባ አይጎዳም። ካልገባ ሰዎች መያዣውን ይጥሉታል፤ ኬብሎቹም እርስ በርስ ተደጋግፈው ይቀራሉ። ይህ ከባድ ስህተት ነው። ኮሮላም ላዳም የሚተኩሱት በ1-3-4-2 ተራ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ኬብል ረጅም መንገድ ተጣብቀው ከሄዱ ሦስተኛው ሲተኩስ አራተኛው ላይ እሳት ሊቀሰቅስ ይችላል፤ አራተኛው ሲሊንደር ደግሞ በዚያች ሰዓት ገና መጭመቅ መጀመሩ ነው። ያለጊዜው የተተኮሰ እሳት ፒስተኑን ወደ ኋላ ይመታል። ርካሽ የምትመስለው የፕላስቲክ መያዣ የምትጠብቀው ፒስተኑን ነው።

የመምህሩን ዲኤክስ እንዲህ አድርገን ጨረስን። አራቱንም ኬብሎች፣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳውን ከቦቢናው ወደ ዲስትሪቢተሩ የሚሄደውን አምስተኛውንም ቀየርን። ያ አምስተኛው የአራቱንም እሳት የሚሸከም ነው፤ እሱ ሲደክም አራቱም ይደክማሉ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ነቅለን አላቀላቀልንም፤ አንዱን አውጥተን፣ ከአዲሱ ጋር አስተካክለን፣ ገጥመን ወደሚቀጥለው። ለመንቀል አፉን ይዞ ግማሽ ዙር አዙሮ መሳብ፤ ሲገጠም «ቀጭ» የሚለው ድምፅ እስኪሰማ መጫን። አፉ ውስጥ ትንሽ የሲሊኮን ቅባት ቀባን፤ እርጥበት እንዳይገባ፣ ነገም ሲነቀል እንዳይቀደድ። ማታ መብራቱን እንደገና አጥፍተን ውሃ ረጨንባት። ጨለማው ጨለማ ሆኖ ቀረ፤ ሞተሩም አልተንቀጠቀጠም።

ሁለት ወይም ሦስት ኬብሎች ደህና ሳሉ ሁሉንም መቀየር ለምን አስፈለገ የሚል ደንበኛ ትክክል ጠይቋል። ገና አዲስ የሆነ ስብስብ ላይ አንዱ በአደጋ ቢቆረጥ አንዱን ብቻ እቀይራለሁ። አብረው ያረጁ፣ አንድ ሙቀት የቀመሱ ኬብሎች ግን አንዱ ከሰነጠቀ የሌሎቹም ቀን ቀርቧል። ያወጣሁትን ግን አልጥልም፤ ለባለቤቱ በእጁ እሰጠዋለሁ። የከፈለበትን ማየት መብቱ ነው።

አሁን በየመንገዱ የምናያቸው እንደ ቪትዝ ያሉ መኪኖች እነዚህ ኬብሎች የሏቸውም፤ በየካንዴላቸው ላይ የራሱ ቦቢና ተቀምጧል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በእጃችን ያለው ዲኤክስ፣ ላዳና ቮልስ በሌላ አሮጌ መኪና የማይተካበት ጊዜ ላይ ነን። ብዙ ወጣት መካኒኮች ዲስትሪቢተር ሳይነኩ ሙያውን ይጨርሳሉ፤ መኪኖቹ ግን ገና ቤተሰብ እያመላለሱ ነው።

ስለዚህ አሮጌ መኪና ያለህ አንባቢ፣ ክረምት ሳይገባ፣ ሰኔ ላይ፣ አንድ ማታ ኮፈኑን ክፈትና በጨለማ ተመልከት። ብልጭታ ካየህ አሮጌዎቹን ኬብሎች ይዘህ ወደ ገበያ ሂድ፤ ፊትህ ካልተለካልህም አትግዛ።